በእጅ የተሣለ ሥዕል በብርሃን ሲታተም
ስለ ቅብ ብርሃን አሳላፊ ፊልሞች አጭር ሐተታ

በቀድሞው ዘመን አንድ ሠዓሊ ሥዕሉ ተባዝቶ ለብዙ ሰዎች እንዲዳረስ በፈለገ ጊዜ፣ ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ማለፍ ነበረበት። ቀራጩ የሠዓሊውን ወረቀት እያየ በእንጨት ወይም በመዳብ ላይ ይቀርጸዋል፤ አታሚውም ቀለም ቀብቶ ያትመዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ የሚታየው መስመር በሐሳብ የሠዓሊው፣ በእጅ ግን የቀራጩ ሥራ ነበር። ፎቶግራፍ ከተገኘ ወዲህ ሥዕሉን በካሜራ አንሥቶ ማተም ተችሏል፤ ዳሩ ግን ይህም መንገድ ካሜራና ሌንስ ይጠይቃል፤ እየደበዘዘ የሚሄደውንም ጥላ ለማተም በረቂቅ ነጠብጣብ መከፋፈል ግድ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ይኸውም ሠዓሊው ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ላይ ራሱ ይሥላል፤ ሥዕሉ ብርሃን በሚሰማው ወረቀት ወይም የማተሚያ ሰሌዳ ላይ ይደረባል፤ ብርሃን ሲበራበትም መስመሩ እንዳለ ወደ ታች ያልፋል። በመካከሉ ካሜራም ቀራጭም የለም። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ሠዓሊው ሥራውን በዓይኑ ብቻ እየመዘነ ከሠራው ይሳሳታል፤ የሰው ዓይን የሚያየውና ወረቀቱ የሚያየው አንድ አይደለምና። የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩. የነገሩ አጀማመር

እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በብርሃን የሚጠቁረውን ወረቀት በ1839 መጀመሪያ ላይ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዊልያም ሄቭልና ጀምስ ቲቢትስ ዊልሞር የተባሉ የአገሩ ሰዎች መስታወት በጢስ አጥቁረው፣ በላዩ በመርፌ እየፋቁ ሥለው፣ ከታልቦት ወረቀት ጋር ደርበው በፀሐይ አተሙት። መርፌው የፋቀው ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆነ፤ ጢሱ ያልተነካው ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ።

ዘዴው በሠዓሊዎች ዘንድ የታወቀው ከዚህ በኋላ በፈረንሳይ አገር ነው። በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአራስ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺው አዳልቤር ኩቬልዬና የሥዕል መምህሩ ሌአንድር ግራንጊዮም አሠራሩን አሻሻሉት፤ በ1853ም ስመ ጥሩው ሠዓሊ ካሚል ኮሮ በዚያ ሞከረው። ኮሮ እስከ 1874 ድረስ ከስድሳ በላይ እንደዚህ ያሉ ሥዕሎችን ሠርቷል። ዶቢኚ፣ ሚሌ፣ ሩሶና ዴላክሯም ሞክረውታል። ፈረንሳውያን አሠራሩን ክሊሼ ቬር ይሉታል፤ ትርጓሜውም የመስታወት ክሊሼ ማለት ነው።

የአራስ ሰዎች አሠራር ሁለት ዓይነት ነበር። በመጀመሪያው ዓይነት መስታወቱ በማተሚያ ቀለም ተሸፍኖ በላዩ ነጭ የእርሳስ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ከዚያም በጥቁር ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ሠዓሊው በመርፌ ሲፍቅ ከሥር ያለው ጥቁር ጨርቅ ስለሚታይ፣ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሚሥል ይመስለዋል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ባዶው መስታወት በብሩሽ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ብዙ ብርሃን፣ በወፈረበት ቦታ ጥቂት ብርሃን ስለሚያልፍ በኅትመቱ ላይ የተለያየ ጥላ ይገኛል። እንግዲህ ዛሬ በፊልም የሚሠራው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወለዳል፤ አንዱ ከቅቡ ላይ መቀነስ ነው፤ ሌላው በባዶው ላይ መጨመር ነው።

፪. ከመስታወት ወደ ፊልም

መስታወት ብርሃን በማሳለፍ ረገድ እንከን የለውም፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ ይሰበራል፤ ውፍረትም አለው። ውፍረቱ የሚጎዳው እንዲህ ነው። የተሣለበት ፊት ወረቀቱን ከነካ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታተማል፤ መስታወቱ ተገልብጦ የተሣለበት ፊት ወደ ላይ ቢሆን ግን ብርሃኑ ከመስመሩ እስከ ወረቀቱ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚሰራጭ መስመሩ ይደበዝዛል። ከኮሮ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በሁለቱም መንገድ ታትመው ስለሚገኙ ልዩነቱን በግልጽ ማየት ይቻላል።

በኋላ መስታወቱን ሴሉሎይድ ተካው፤ እርሱ ግን በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው አሴቴት እሳቱን ቢቋቋምም ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሰፋል፤ ሲደርቅም ይጠባል። ይህ ለአንድ ቀለም ሥዕል ብዙ ጉዳት የለውም። ለየቀለሙ አንድ አንድ ፊልም በሚሣልበት ጊዜ ግን አንደኛው ፊልም ከሌላው በግማሽ ሚሊሜትር ቢሰፋ ቀይ ቀለሙ ከጥቁሩ መስመር ወጥቶ ይታተማል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ፖሊየስተር ነው። ለዚህ ፊልም የሚሆነውን የፖሊየስተር ዓይነት በ1941 ያገኙት ጆን ዊንፊልድና ጀምስ ዲክሰን የተባሉ ብሪታንያውያን ኬሚስቶች ናቸው። ከእርሱ የሚሠራው ፊልም ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሆኖ ሳለ አይቀደድም፤ በእርጥበትም ብዙ አይለወጥም።

፫. የቅቡ ዓይነትና ሥራ

ባዶ ፖሊየስተር እንደ መስታወት ልስልስ ስለሆነ እርሳስ አይዘውም፤ ቀለምም በላዩ ይንከባለላል። ስለዚህ ፊልሙን ለሥራ የሚያበቃው በላዩ የሚቀባው ቅብ ነው። ዋና ዋናዎቹን ሦስት ዓይነቶች እንመልከት።

የመጀመሪያው የሚፋቅ ቅብ ነው። ፊልሙ ብርሃን በማያሳልፍ ስስ ቅብ ይሸፈናል፤ ሠራተኛውም ስፋቱ በተለካ ሹል መሣሪያ መስመሩን ይፍቃል። የጥንቱ የጢስ መስታወት በአዲስ መልክ ማለት ነው። ካርታ ሠሪዎች መንገድንና ወንዝን ለመሣል ኮምፒዩተር እስኪመጣ ድረስ ብዙ ተጠቅመውበታል፤ በብዕር ከተሣለ ይልቅ የተፋቀ መስመር ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሆናልና።

ሁለተኛው ሻካራ ቅብ ነው። በዚህ ፊልም ላይ እርሳስ ሲሄድ ረቂቆቹን ጉብታዎች ብቻ ይነካል፤ በመካከላቸው ያለው ጎድጓዳ ባዶ ይቀራል። በመሆኑም ዓይን ግራጫ አድርጎ የሚያየው ጥላ በእውነቱ የጥቁር ነጥቦችና የባዶ ቦታ ድብልቅ ነው። ካሜራ በነጠብጣብ የሚከፋፍለውን ጥላ ፊልሙ ራሱ ከፋፍሎ ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ይሠራ የነበረው የካወል ማተሚያ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቶካወል የተባለ እንዲህ ያለ የፕላስቲክ ገበታ ለሠዓሊዎች አቅርቦ ነበር። የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊዎች ለየቀለሙ አንድ ገበታ ይወስዳሉ፤ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው እያዩ ሁሉንም በጥቁር ይሥላሉ፤ ቀለሙ ራሱ የሚገባው በማተሚያው ላይ ነው።

ሦስተኛው በስለት የሚቆረጥ ቀይ ቅብ ነው። ከእነዚህ የታወቀው ኡላኖ የተባለው ድርጅት የሠራው ሩቢሊት ነው። ሠራተኛው የላይኛውን ቀይ ስስ ሽፋን ብቻ በስለት ቆርጦ የማይፈለገውን ልጦ ያነሣል፤ የታችኛው ጥርት ያለ ፊልም አይነካም። ይህ ፊልም ከሥዕል ቤት አልፎ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገብቷል። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ማይክሮፕሮሰሰር 2300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩበት፤ ሥዕሉ በመቶ እጥፎች ተልቆ በሩቢሊት ላይ በእጅ ከተቆረጠ በኋላ በፎቶግራፍ አንሶ ወደ ሲሊኮን ተላለፈ።

፬. ዓይንና ወረቀት

ሰው በቀዩ ፊልም ውስጥ አሻግሮ ማየት ይችላል፤ ታዲያ ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም ብርሃን ከልካይ እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ የብርሃን ዓይነት ልዩነት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውሉት የፎቶግራፍ ፊልሞችና የማተሚያ ቅቦች የሚሰማቸው ሰማያዊው፣ ሐምራዊውና ከሐምራዊ በላይ ያለው ዓይን የማያየው ጨረር ነው፤ ቀይ ብርሃን ምንም አያደርጋቸውም። ቀዩ ፊልም ደግሞ ያንኑ የሚሰማቸውን ብርሃን ያስቀራል። ስለዚህ ለዓይናችን ግልጽ የሆነው ለእነርሱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሠራተኛው በቀዩ ውስጥ ከሥር ያለውን ንድፍ እያየ ይቆርጣል፤ የሚያትመው ቅብ ግን እንደ ጥቁር ይቈጥረዋል።

የዚህም ተቃራኒ አለ። ለዓይን ጨለም ብሎ የሚታይ ሰማያዊ ቀለም ወረቀቱ የሚፈልገውን ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል።

፭. እኛ ያደረግነው ሙከራ

ይህን በቃል ብቻ ላለመቀበል በትንሽ ወጪ ሞከርነው። የመረጥነው ጆን ኸርሸል በ1842 ያገኘውን ሳያኖታይፕ የተባለ ሰማያዊ ኅትመት ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ በየብቻ በውሃ ሟሙተው ይደባለቃሉ፤ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ወረቀት ይቀባሉ፤ ወረቀቱም ይደርቃል። ፊልሙን በላዩ አድርገን፣ በመስታወት ተጭነን፣ አሥር ደቂቃ በፀሐይ ካቆየነው በኋላ በውሃ አጠብነው። ብርሃን ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ ብርሃን የተከለከለው ነጭ ይቀራል።

በአንድ ፊልም ላይ አራት መስመሮች ሣልን። ሁለት ጊዜ የተቀባው ጥቁር የሥዕል ቀለም ጥርት ያለ ነጭ መስመር ሰጠ። በውሃ የቀጠነው ጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ አድርገን ስናየው ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም ነበር፤ በኅትመቱ ላይ ግን ደካማ ጥላ ብቻ ሆነ። በሻካራው ቅብ ላይ የተሣለው ለስላሳ እርሳስ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጭ ነጥቦች ሆኖ ወጣ። ሰማያዊው የብዕር ቀለም ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ከዚህ ያገኘነው ትምህርት፣ ሥዕሉ መመርመር ያለበት በነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ ሳይሆን ወደ መስኮት ተይዞ መሆኑን ነው፤ እርሱም ቢሆን ስለ ጥቁር ቀለም እንጂ ስለ ሰማያዊና ስለ ቀይ አይነግረንም።

ሁለተኛው ስሕተታችን ግን ከዚህ ይልቅ አስተማረን። በፊልሙ ጠርዝ ላይ የበ ሰባቱን ፊደላት ከግራ ወደ ቀኝ ጽፈን፣ መስመሩ እንዳይደበዝዝ የተጻፈበትን ፊት ወደ ወረቀቱ አደረግነው። ኅትመቱ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ወጣ። ቡና ቢ ምልክታቸው ወደ ግራ ስለ ዞረ ስሕተቱ ወዲያው ታየ። በ ግን ሁለት እግሮቹ እኩል ስለሆኑ በ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የሚያሳስበው ባ ነው። ባ የሚረዝመው በቀኝ እግሩ ነው፤ ሲገለበጥ የግራው ይረዝምና ምንም ጉድለት የሌለው ቦ ይሆናል፤ ቦም እንዲሁ ባ ይሆናል። በሳና በሶም ይኸው ይደርሳል። የተበላሸ ፊደል አንባቢውን ያስጠነቅቀዋል፤ ትክክለኛ ሌላ ፊደል ግን ያታልለዋል። ካርታ ወይም የጥንት ጽሑፍ ቅጂ በፊልም ላይ ሥሎ የሚያሳትም ተማሪ፣ ሥዕሉን የሚያመለክቱት ነጠላ ፊደላት ቢገለበጡበት ሳያውቅ ሐሰት ጽፎ ያልፋል።

፮. ማጠቃለያ

ዛሬ አብዛኛው ሥዕል በኮምፒዩተር ይዘጋጃል። ቢሆንም በካናቴራና በጨርቅ ላይ የሚያትሙ ሠራተኞች የማተሚያ ወንፊታቸውን ለማዘጋጀት አሁንም ብርሃን አሳላፊ ፊልም ይጠቀማሉ፤ የእጅ ሥዕል የሚወዱ ሠዓሊዎችም በሻካራው ፊልም ላይ ይሥላሉ። ይህ መንገድ የሠዓሊውን መስመር ማንም ሳይነካው ያደርሳል፤ ማንም የማይነካው በመሆኑም ስሕተቱን የሚያርም የለም። ከቀራጩ ጋር የቀረው የቀራጩ ዓይን ጭምር ነው፤ ያን ምርመራ ሠዓሊው ራሱ ሊያደርገው ይገባል።

ስለዚህ ሥራውን ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን ሁለት ነገር እንመክራለን። ፊልሙን ከማተማችሁ በፊት ወደ ብርሃን ይዛችሁ መርምሩ። ከሥዕሉ ውጭ በጠርዙ ላይ ደግሞ አንዲት ባ ጽፋችሁ በአጠገቧ «ራብዕ» ብላችሁ አመልክቱ፤ ኅትመቱ ሲወጣ ቦ ሆና ካገኛችኋት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ሥራው እንደገና ይሠራል።