አራቱም ጎማ ቢገፋ ፍሬኑ ያው ነው

የልጆች ትምህርት ቤት በሰኔ ይዘጋል። ቤተሰቡ ሻንጣውን ሸክፎ አዲስ አበባ የሚገባው በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው። ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው ወገን የአያቶቹን መንደር ለልጆቹ ለማሳየት ላንድ ክሩዘር ተከራይቶ ከአስፋልት የሚወርደው፣ መንገዱ ከዓመት እስከ ዓመት እጅግ በሚከፋበት ወቅት ነው።

አብዛኛው ሰው ሾፌር ይዞ ይሄዳል። ሥራውን የሚያውቅ ሾፌር ከተገኘ እሰየው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሀይዌይ ላይ አውቶማቲክ መኪና ነድቶ «እኔው እይዘዋለሁ» የሚል ግን ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። አራቱም ጎማ መግፋቱ መኪናውን ለማስኬድ እንጂ ለማቆም አይረዳም። ጭቃ ላይ በፍጥነት የገባ ላንድ ክሩዘር እንደ ማንኛውም መኪና ይንሸራተታል፤ ቁመቱ ከፍ ያለ በመሆኑም ለመገልበጥ ይቀለዋል።

በብዙ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማርሽ ማስገባት ብቻ አይበቃም። ወርዶ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የፊት ጎማ አይጎትትም። መቆለፊያው መዞር ያለበትም ጭቃው ከመድረሱ በፊት ነው፤ እስከ ሆዱ ከሰመጠ በኋላ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ መታገል ትርፉ ልብስ ማበላሸት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲወጡ ደግሞ መልሶ ማውጣት ነው። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል ስላልሆነ፣ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ይጨናነቃሉ።

ቁልቁለት በከባዱ አንደኛ ማርሽ ይወረዳል፤ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሁን፣ እግርም ከፍሪሲዮን ላይ ይነሳ። ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ አግድም ለመዞር መሞከር መገልበጥን ያመጣል። በኋላ ማርሽ፣ በመጡበት ቀጥ ብሎ መውረድ ነው።

ዋልካ አፈር ሲርስ ጎማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይሞላዋል። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነውና ወዲያው ማቆም ይሻላል። አካፋ አውጥቶ ጭቃውን መጥረግ፣ ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ሥር መደልደል፣ በራስ ዱካ ወደ ኋላ መውጣት። አሸዋ ላይ ከሆነ፣ የዱባይና የአቡዳቢ ነዋሪዎች እንደሚያውቁት፣ ጎማውን እስከ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ማስተንፈስ ይረዳል። ታዲያ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት መልሶ የሚነፋበት ፓምፕ መያዝ ግድ ነው። ሌላ መኪና ሊጎትት ቢመጣ ገመዱ ተጎታች መጫኛው ኳስ ላይ እንዳይታሰር። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ እዚሁ መለማመድ ይቻላል። በቨርጂኒያ የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን፣ በካሊፎርኒያም ሀንግሪ ቫሊና ሆሊስተር ሂልስ ለዚሁ የተፈቀዱ መንገዶች አሏቸው።

እዚህ የማይለመደው ወንዙ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ፣ ደራሽ ውሃው የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቆላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትልልቁንም ጭምር። 60 ሴንቲ ሜትር ከጉልበት ጥቂት ከፍ ቢል ነው። በእግር ለመሻገር የሚያስፈራ ውሃ በመኪናም አይገባም። ሞተሩ ውሃ መሐል ከጠፋ ደግሞ ደጋግሞ ማስነሳት ሞተሩን ጨርሶ ይሰብረዋል፤ ውሃ በአየር መሳቢያው ገብቶ ሊሆን ይችላልና።

የሚያሳስተው ግን የመኪናው ነገር ብቻ አይደለም። በማዶ በጉ ታርዷል፤ አክስት ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠዋት ጀምረው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ልጆቹ ርቧቸዋል። የመኪናው ኪራይም በቀን ይቆጠራል። ከዳር የቆመው እረኛ «አትለፉ፣ ገና እየመጣ ነው» ሲል፣ ከውጭ የመጣው እንግዳ ጎማውን እያየ «ይህማ ላንድ ክሩዘር ነው» ይላል። እረኛው ወንዙን በየቀኑ ያየዋል። ውሃው ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል፤ ካልጎደለም በዚህኛው ዳር ካለ ቤት ታድሮ በማግስቱ ይደረሳል።