ጤፉና ጭዱ ከአንድ ስኳር

ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ግንደወይን ዙሪያ ጤፍ ሲወቃ አይታችሁ ይሆናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ስታርችም፣ በጭዱ ውስጥ ያለው ሴሉሎስም የተሠሩት ከአንድ ስኳር፣ ከግሉኮስ ነው። ታዲያ ጭዱን ለምን አንበላም?

ሁለት ግሉኮሶች ሲያያዙ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። በሞለኪውል ክብደት 180 እና 180 ተደምሮ 18 ሲቀነስ 342፤ ይህ ማልቶስ ነው። ሰንሰለቱ በመቶና በሺህ ሲረዝም ስታርች ይሆናል። ሴሉሎስም እንዲሁ ነው፤ ማያያዣው ግን በሌላ አቅጣጫ የዞረ ነው። የእኛ ኤንዛይም የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይቆርጥም። በሬም ቢሆን ራሱ አይቆርጠውም፤ በጨጓራው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚቆርጡለት።

ሰንሰለቱን ለመበጠስ የወጣው ውሃ ተመልሶ መግባት አለበት። ውሃ ብቻውን ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው (ባይሆንማ ገንፎው ገና ከድስቱ ሳይወጣ ሽሮፕ በሆነ ነበር)።

ሥራውን የሚያፈጥነው ኤንዛይም ነው፤ ጠላ ጠማቂዎች ይህን ኤንዛይም የሚያገኙት ከብቅል ነው። ገብሱ ሲበቅል አሚሌዝ ያመርታል፤ አሚሌዝ ስታርቹን ወደ ማልቶስ ይቆራርጣል፤ እርሾው ማልቶሱን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። የጌሾ ዋና ድርሻ ምሬቱ ነው። ለእኔ የጠላ ብልሃት ያለው ብቅሉ ላይ ነው። አሚሌዝ ሙቀት ይወዳል፤ በ60 እና በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይፈጥናል፣ በፈላ ውሃ ግን ይበላሻል። ስለዚህ የብቅል ዱቄት የሚፈላ ውሃ ላይ አይጨመርም።