ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር፦ ስለ መጀመሪያው የጌም ኮምፒውተር ተረትና እውነታ

ጌም የሚያጫውት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አቅሙ የሚወሰነው በዋናነት በአራት ዕቃዎች ነው፦ ምስሉን በሚሠራው ግራፊክስ ካርድ፣ የጌሙን ስሌት በሚያሰላው ፕሮሰሰር፣ ሁለቱ የሚቀባበሉትን መረጃ በሚይዘው ራም እና ሁሉንም በሚመግበው ፓወር ሰፕላይ። አራቱም ካርቶናቸው ላይ በትልቁ የታተመ ቁጥር አላቸው፤ ጊጋባይት፣ ኮር፣ ዋት። ቁጥሩ ውሸት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ችግሩ ገዢው ማወቅ የሚፈልገውን ነገር አለመለካቱ ነው፤ በአነስተኛ በጀት የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በሚገጣጥም ሰው ዘንድ የሚዘወተሩት የተሳሳቱ እምነቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

ከሁሉም ብዙ ብር የሚያስወጣው «ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጊጋባይቱ የሜሞሪው ስፋት ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ቺፑ ውስጥ ያሉት የስሌት ኮሮች ሲሆኑ፣ መረጃውን የሚያመላልሰው ደግሞ የሜሞሪው ፍጥነት ነው። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ በሩ ከጠበበ እህሉ በጊዜ አይወጣም። ዲዲአር3 ሜሞሪ የተገጠመለት ባለ 64 ቢት ጂቲ 730 ካርድ በ4 ጊጋባይት ይሸጣል፤ ጂቲኤክስ 1650ም ባለ 4 ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው 384 ኮር ሲኖረው ሜሞሪው በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል። ሁለተኛው 896 ኮር አለው፤ በጂዲዲአር5 የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያስተላልፋል። «አራት ጊጋ» የሚለው ሁለቱንም እኩል ይገልጻቸዋል፤ ነገር ግን አንዱ ጂቲኤ 5ን በሙሉ ኤችዲ በምቾት ሲያጫውት ሌላው በዝቅተኛ ጥራትም ይንተፋተፋል።

የካርዱ ስም አንድ ከሆነ አቅሙም አንድ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጂቲ 1030 ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነበረው፤ በዓመቱ አምራቹ ኤንቪዲያ በዚያው ስም በዲዲአር4 የሚሠራ ሌላ ካርድ አወጣ፤ የማስተላለፍ አቅሙም በሰከንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወረደ። ባለ 3 ጊጋው ጂቲኤክስ 1060 ከባለ 6ቱ የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 ዝቅ ብለዋል። ለቻይና ገበያ የወጣውና ወደ ሌሎች አገሮችም የተሠራጨው «አርኤክስ 580 2048» ደግሞ ከዋናው 580 ይልቅ በኮሮቹ ብዛት ከታናሽ ወንድሙ ከ570 ጋር እኩል ነው። ሻጩ «አምስት ሰማንያ» ሲል አልዋሸም፤ ከኋላ ያሉትን አራት አኃዞች አልጠራም እንጂ።

የለየለት ፎርጅድም አለ። ያረጀ ቺፕ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ራሱን «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ እንዲያስተዋውቅ ይደረጋል፤ ዊንዶውስም የተነገረውን አምኖ ያሳያል። ይህን ለመለየት ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሱቁ ውስጥ መክፈት ነው፤ የኮሮቹን ብዛትና የሜሞሪውን ዓይነት ይናገራል፣ ብዙዎቹን ፎርጅድ ካርዶችም ለይቶ ከስማቸው ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል። ሁለተኛው ካርዱን ገልብጦ ከኋላ ማየት ነው። ኤንቪዲያ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ የቪጂኤን ምልክት ከቺፑ አስወጥቷል፤ ስለዚህ ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት ያለው «1050 ቲአይ» ሲታይ ቢያንስ እጅን ከኪስ አለማስገባት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ሜሞሪው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ከባድ ጌሞች በ4 ጊጋባይት ካርድ ላይ የዕቃዎችን ገጽታ አደብዝዘው ይጭናሉ ወይም ይቆራረጣሉ። እንደ አርኤክስ 6600 ያለ ባለ 8 ጊጋ ካርድ ለሙሉ ኤችዲ ደህና መነሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ቺፑ፣ ቀጥሎ የሜሞሪው ፍጥነት፣ ከዚያ ስፋቱ ነው።

ፕሮሰሰር ላይ የተለመደው ተረት «አይ7 ምንጊዜም ከአይ3 ይበልጣል» የሚለው ነው። ይህ የሚሠራው በአንድ ትውልድ ውስጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ7-2600 እና በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100 ሁለቱም ባለ 4 ኮርና ባለ 8 ትሬድ ናቸው፤ በአንድ ኮር ሲለኩ ግን «ትንሹ» እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። መነበብ ያለበት ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ 2600 ሁለተኛ ትውልድ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። በቁጥሩ መጨረሻ ኤፍ ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ «ካርዱን በኋላ እገዛለሁ» የሚል ሰው ይህን ከገዛ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

በኮር ብዛት የሚሸጡት ከሰርቨር የወጡ የዚዮን ፕሮሰሰሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ዚዮን ኢ5-2670 ቪ3 12 ኮር አለው፤ ነገር ግን መነሻ ፍጥነቱ 2.3 ጊጋኸርዝ፣ ጣሪያውም 3.1 ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ያ ሁሉ ኮር ያገለግላል። ጌም ግን ሥራውን ለአሥራ ሁለት እኩል አያካፍልም፤ ጥቂት ኮሮችን አጥብቆ ስለሚይዝ የኮሮቹ ፍጥነት ይበልጣል። ያረጀ ፕሮሰሰር ሌላም ዕዳ አለበት። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እንደ ቫሎራንት ያሉ ጌሞችም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የደህንነት ማስተካከያዎች ካልበሩ አይከፈቱም።

ለአነስተኛ በጀት ከሁሉ የሚያጓጓው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ «ማንኛውም ካርድ ይገባለታል» የሚለው ማሟያ ግን ተረት ነው። ቀጭኑን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ለምሳሌ ብንወስድ ፓወር ሰፕላዩ 255 ዋት ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በተለመደው ባለ 24 ፒን ሶኬት ሳይሆን በራሱ ባለ 8 ፒን ነው፤ ስለዚህ ከገበያ ሌላ ገዝቶ ዝም ብሎ መተካት አይቻልም። ኬዙ የሚያስገባው ቁመታቸው አጭር የሆነ ካርዶችን ብቻ ነው። ተጨማሪ የኃይል ገመድ ስለሌለም ካርዱ ከማዘርቦርዱ ሶኬት በሚያገኘው 75 ዋት መኖር አለበት። በዚህ ልክ የተሠራ አጭር ጂቲኤክስ 1650 ይገባል፤ አርኤክስ 580 ግን አይገባም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ካርዱ ደጅ የወጣባቸው ኮምፒውተሮች ምስክር ናቸው። በወፍራሙ ኬዝ የመጣውን መምረጥ ከዚህ ጣጣ ግማሹን ያስቀራል።

ራምን በተመለከተ 16 ጊጋባይት ለአብዛኛው ጌም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መጨመር ባዶ ክፍል እንደ መከራየት ነው። የሚታየው ልዩነት አቀማመጡ ላይ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም በአንድ መስመር ብቻ ይሠራል፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራሞች ግን በሁለት መስመር። ዲዲአር4-3200 በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት መስመር 51.2። ካርድ ሳይገዛ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር ላይ በተሠራ ግራፊክስ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህ ከምንም በላይ ይጠቅማል፤ ግራፊክሱ የሚበላው ከዚያው ራም ነውና። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ሁለቱ ራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካልበራ ደግሞ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2666 እየሠራ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ ባለቤቱም አያውቅም።

በጣም የሚናቀው ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከኬዝ ጋር «በነጻ» የሚመጣበት ምክንያትም ይኸው ነው። «500 ዋት ይላል፣ ይበቃል» ከማለት በፊት ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ማንበብ ያስፈልጋል። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። በዚያ መስመር ሥር 18 አምፔር ተብሎ ከተጻፈ፣ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል፤ ፊት ለፊት ካለው 500 የቀረው ከየት እንደመጣ አምራቹ ይጠየቅ። አርኤክስ 6600 ወደ 132 ዋት፣ አይ3-12100 ጫን ሲል እስከ 89 ዋት ይወስዳሉ፤ ሲደመር 221። ጌሙ በደመቀበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ከግድግዳ ከሚገባው ኃይል ስንቱ ሳይባክን እንደሚደርስ ይናገራል እንጂ ዕቃው በጥሩ መከላከያ ስለ መሠራቱ ዋስትና አይሰጥም። «ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ብዙ መብራት ይቆጥራል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ የሚጠቀመውን እንጂ ሳጥኑ ሊሰጥ የሚችለውን አይደለም።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ለሚመጣ ኮምፒውተር ደግሞ ከኋላ ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ትልቅ ነገር ናት። እዚያ 115 ላይ ሆና ትመጣለች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መስመር 220 ቮልት ነው። ወደ 230 ሳትገፋ ኮምፒውተሩ ከተሰካ የሚከተለው ድምፅና ጭስ ነው። «100-240» የተጻፈባቸው አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚለዩ ማብሪያ የላቸውም። መብራት ለሚሄድበት ቤት የሚገዛ ዩፒኤስም በቁጥሩ ያታልላል፤ 650 ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ በጌም ጭነት ደግሞ የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃ፣ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ያህል ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፋን አያሳስብም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ያም ሆኖ ዋናው ጠላት አቧራ ነው።

ኤስኤስዲ ጌምን ያፈጥናል ሲባል የሚፈጥነው መክፈቻው ነው፤ በሰከንድ የሚታየው የምስል (ፍሬም) ብዛት እምብዛም አይለወጥም። ሆኖም እንደ ስታርፊልድ ያሉ ጌሞች ኤስኤስዲን በመስፈርታቸው ውስጥ ስላስገቡ ሃርድ ዲስክ ብቻ ይዞ መጀመር አይመከርም። ውድ ማዘርቦርድ፣ ባለ ቀለም መብራት ፋን፣ «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ፦ ሦስቱም ፍሬም አይጨምሩም።

ክሪፕቶ ሲያመርት የኖረ ካርድ «ነፍሱ የወጣ ነው» ይባላል። ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ካቆመ ወዲህ እንዲህ ያሉ ካርዶች በብዛት ገበያ ወጥተዋል። ለረጅም ጊዜ መሥራት ቺፑን ወዲያው አይገድልም፤ ቀድሞ የሚያልቀው ፋኑና ሙቀት የሚያስተላልፈው ፓድ ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ስለዚህ ሻጩ ፊት ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ማስኬድ፣ የፋኑን ድምፅ ማዳመጥና ሙቀቱን መከታተል ከካርዱ ታሪክ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

በመጨረሻ የሚታሰበው ሞኒተር ነው፤ የሚያሳዝነውም ያ ነው። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ሙሉ ምስል አያሳይም፤ 144 የሚያወጣ ካርድ ቢገጠምለት ትርፉ አብዛኛው ለዓይን አይደርስም። ከሙሉ ኤችዲ ወደ 4ኬ መውጣት ደግሞ ካርዱን አራት እጥፍ ነጥቦች ያስስላል፤ ለአነስተኛ በጀት የማይታሰብ ነው። «ካርዱ ገብቷል፣ ለውጥ ግን የለም» የሚል ቅሬታ ሲሰማ ከመፍታት በፊት የኮምፒውተሩን ጀርባ ማየት ይገባል። የራሱ ግራፊክስ ባለው ፕሮሰሰር ላይ የሞኒተሩ ገመድ ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ካለው የማዘርቦርድ ሶኬት ከተሰካ ጌሙ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ነው፤ በብዙ ብር የተገዛው ካርድ ፋኑ እንኳ ሳይዞር ይቀመጣል። ገመዱ የሚገባው ዝቅ ብለው ወደ ጎን ከተደረደሩት ከካርዱ ሶኬቶች በአንዱ ነው።