ሲሊንደሩ ከመከፈቱ በፊት ካንዴላው ይጠየቅ

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ጤንነቱ የሚፈተነው ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ሲይዝ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ዋሻ የተፈለፈለለት የጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት የሚነዳው ሞተር ብስክሌት ማሳል የጀመረው በዚሁ ዳገት ላይ ነበር። በሦስተኛ ማርሽ አልጎትት አለ፤ በሁለተኛም ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንዴ እየጮኸ አንዴ ዝም እያለ፣ በመጨረሻ ቆመ። ከኋላው የታሰረው የበረዶ ሣጥን የበግ ፈንጣጣ ክትባት ይዟል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በላይኛው ቀበሌ ደግሞ ገበሬዎች በጎቻቸውን ከጧት ጀምሮ ሰብስበው ይጠብቃሉ።

ረዳቱ ሞተሩን እየገፋ፣ እያረፈ፣ እንደገና እያስነሳ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ግማሾቹ በጎች ሳይከተቡ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በጽሕፈት ቤቱ የተሰጠው ፍርድ አጭር ነበር፦ ሲሊንደሩ አልቋል። ለዚህም ማስረጃ ቀርቦለታል። የመጭመቂያ ኃይል መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ ገብቶ ሲለካ 6 አነበበ፤ የፋብሪካው መመሪያ የሚጠይቀው 10 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ እንዲሰፋ፣ ትርፍ ልክ ያለው ፒስተን ከነፋሻው ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እንዲመጣ ታሰበ። ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ከገንዘቡም ይልቅ ሥራው የሚፈጀው ሳምንት ይከብዳል፤ ሞተር ብስክሌት የሌለው የእንስሳት ጤና ረዳት በእግሩ የሚደርሰው ጥቂት ቀበሌ ብቻ ነውና።

ሞተሩን በደብረ ብርሃን ከተማ የተረከቡት አንጋፋ መካኒክ ግን አንድም ብሎን ሳይፈቱ በመጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። መለኪያው ሲገባ የነዳጅ መስጫው እጀታ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ? የተለካውስ የት ነው? እጀታው ተዘግቶ ነበር፤ የተለካውም እዚያው ደጋ ላይ ነው።

ብዙ ሲሊንደሮች ያለ ጥፋታቸው የሚቆረጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር ማድረግ ይገባል። የነዳጅ መስጫው ከተዘጋ ፒስተኑ የሚጨምቀው በቂ አየር አያገኝም፤ መለኪያውም ዝቅ ብሎ ያነባል። ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። መመሪያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። መጽሐፉ 10 ካለ፣ ጤነኛ ሲሊንደር በደብረ ብርሃን 7 አካባቢ ቢያነብ የሚያስደንቅ አይሆንም። መካኒኩ ሞተሩን አሙቀው፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ የመለኪያው ቀስት መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ የማስነሻውን ፔዳል ደጋግመው ረገጡ። መለኪያው 7 ላይ ቆመ። ሲሊንደሩ አላለቀም።

ንባቡ ከዚህ እጅግ ዝቅ ቢል ኖሮ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ይቻል ነበር። ዘይቱ ንባቡን ከፍ ካደረገው የተበላው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ካላደረገው የቴስታው ጓርኒሲዮን ሊጠረጠር ይገባል።

ቀጥሎ የወጣው ካንዴላው ነው። (ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የዋሻው መንገድና የመካኒኩ ቋንቋ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው።) በደንብ የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ጫፉ የገብስ ቆሎ ቀለም ይይዛል። እንደ ጥላሸት የጠቆረና የደረቀ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። በዘይት ከራሰ ወይ ዘይቱ በዝቷል፣ ወይ ብልጭታው ደክሟል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መስሎ ከታየ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። የዚህ ሞተር ካንዴላ ጥላሸት ለብሶ ተገኘ። የአየር ማጣሪያው ሲወጣም ስፖንጁ የበጋውን አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ጠንክሯል። ማጣሪያው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ታሽቶ ተመለሰ። ሞተሩ ትንፋሽ አገኘ፤ ዳገት ላይ ሲጫን ግን መቆራረጡን አልተወም።

አዲስ ካንዴላ ቢገባለትም ለውጥ የለም። ካንዴላው ከቀዳዳው ራቅ ተደርጎ ቴስታው ላይ ሲደገፍና ፔዳሉ ሲረገጥ ብልጭታ ይሰጣል። ብዙ ሰው ምርመራውን የሚያቆመው እዚህ ላይ ሲሆን ስሕተት ነው። በነፃ አየር ላይ የሚታይ ብልጭታ በተጨመቀ አየር ውስጥም ይዘላል ማለት አይደለም፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። በሜዳ ደህና የነበረ ሞተር ዳገት ላይ ሲጫን የሚስተውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ሲመሽ ጠብቀው ሞተሩን በጨለማ አስነሱት። በካንዴላው ቆብና በሽቦው መጋጠሚያ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ ታየ። ቆቡ ተፈትቶ ሲወጣ የሽቦው የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ቆቡ በንጹሑ ሽቦ ላይ እንደገና ተጠመዘዘ። ሞተሩን ዳገት ላይ ያቆመው በሽታ ይኸው ነበር።

ቀሪው ድክመት ከማርሚታው ነው። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይትን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ከዓመታት በኋላ የማርሚታው የውስጥ ቱቦ በከሰል ይደፈናል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ አዲስ ትንፋሽ አይገባም። ቱቦው ተስቦ ወጥቶ በሽቦ ተፋቀ።

በሞተር ብስክሌቱ ላይ ሁለት ሲሊንደር ቢኖር ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የደከመውን መለየት ያስፈልግ ነበር። ሞተሩ ከቀዝቃዛ እንደተነሣ በሁለቱም የጭስ መውጫ ቱቦዎች ላይ ጠብታ ውሃ ጣል ቢደረግ በሚሠራው ሲሊንደር በኩል ወዲያው ይንጫጫል፤ በሚስተው በኩል ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ የሁለቱን ካንዴላዎች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ በሽታው ከካንዴላው ጋር ከተዛወረ ጥፋተኛው ተገኘ። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ የቫልቮላዎቹ ክፍተት በቀዝቃዛው ሞተር ሊለካ ይገባል፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ በደንብ ስለማይዘጋ ሲሊንደሩ ያለቀ ያስመስላል።

ረዳቱ ሌላም ነገር ጠይቆ ነበር። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያበዛል፤ መርፌው አንድ እርከን ዝቅ ቢደረግ ሞተሩ አይበረታም ወይ? ይበረታል። መካኒኩ ግን እምቢ አሉ። ለጣርማ በር የተስተካከለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ሊያንስ ይችላል፤ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ሲሊንደሩ በእርግጥ ያልቃል፤ ተሽከርካሪው በሩጫ ላይ እንዳለ የኋላ እግሩ ከታሰረም ነጂው ይወድቃል። ደጋና ቆላን በአንድ ሳምንት የሚያዳርስ ሞተር ብስክሌት ለቆላው እንደተስተካከለ ቢቆይ ይሻላል፤ ደጋ ላይ ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ነው። ጤነኛ ሞተር እንኳን በ3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ሦስተኛ ማርሽ እምቢ ሲል ወደ ሁለተኛ መመለስ ብልሽት አይደለም።

ለጥገናው የወጣው የአንድ ካንዴላ፣ የጥቂት ማጠቢያ ቤንዚንና የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ሲሊንደሩ አልተከፈተም። ረዳቱ በሚቀጥለው ሳምንት ማለዳ በረዶ የሞላበትን ሣጥን አስሮ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣ፤ በላይኛው ቀበሌ ሲደርስ በጎቹ ገና ከበረት እየወጡ ነበር።