ብዕሯ ሦስት ዓመት ሲደርቅ

የሆሴዕን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስታነቡ ምን ታስባላችሁ? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ወደ ምሳሌነቱ እንሻገራለን። በዚያ ቤት ሚስቱን ደጅ ደጁን እያየ ስለሚጠብቀው ባል ግን አናስብም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ፍራንሲን ሪቨርስ ስለዚህ ባል አስባ ጻፈች፤ እዚያ ለመድረስ ግን የከፈለችው ዋጋ ነበር።

ፍራንሲን በ1947 የተወለደች ናት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ፖሊስ፣ እናቷ ነርስ ነበሩ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለዶች ጻፈች፤ መጻሕፍቱም በጥሩ ሁኔታ ተሸጡላት። ባል፣ ሦስት ልጆችና ስም ነበራት። ይሁን እንጂ ጽሕፈት መሸሸጊያዋ ሆኖ ነበር። በኑሮዋ እንዳሻት የማይሆንላትን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዳሻት ታደርገው ነበር። ባለትዳሮች ሆይ፣ እናንተስ የምትሸሹበት ምንድን ነው? ሥራ? ቴሌቪዥን? ምናልባት አገልግሎት ራሱ?

በ1986 ጌታን የግል አዳኟ አድርጋ ተቀበለች። ወዲያው መንፈሳዊ መጽሐፍ የምትጽፍ ይመስለን ይሆናል። ሆኖም ለሦስት ዓመት ያህል መጻፍ አቃታት! ብትሞክርም አልሆነም። በኋላ እንደተናገረችው፣ ጽሕፈት ጣዖት ሆኖባት ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስን አነበበች፤ ከባሏ ከሪክ ጋርም በቤታቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበራቸው። ሆሴዕም ያገኛት ያኔ ነው።

ስሙ በአማርኛ «የሚቤዥ ፍቅር» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ በ1991 ወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1850ዎቹ፣ ወርቅ ፈላጊዎች በጎረፉባት ካሊፎርኒያ ነው። በልጅነቷ ለዝሙት የተሸጠችን ሴት አንድ ገበሬ ያገባታል፤ ትታው ትሄዳለች፤ ይፈልጋታል፤ ደግማ ትሄዳለች። ፍቅርን ማመን ለተጎዳ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንዲህ ያሳየ ልብ ወለድ ብዙ አይገኝም። (የሴተኛ አዳሪነትን ሕይወት ሳይሸፋፍን ስለሚያሳይ ለታዳጊዎች አልመክረውም።) በ1997 በክርስቲያን አሳታሚ ተሻሽሎ ታተመ፤ በ2022 ደግሞ ፊልም ሆነ።

ከ1993 እስከ 1995 በወጡት ሦስት መጻሕፍቷ ወደ ሮም ዘመን ተመለሰች። የመጀመሪያው የሚጀምረው በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትጠፋ ነው፤ ተማርካ ለሮማውያን ቤተ ሰብ ባሪያ የሆነችው ሀዳሳ እምነቷን መናገር የምትፈራ ልጅ ናት። ቀጥሎም ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ስለሚያነሣቸው ስለ አምስቱ ሴቶች፣ ከትዕማር እስከ ማርያም፣ አጫጭር ልብ ወለዶች ጻፈች።

ከ1986 በፊት የጻፈቻቸውስ? ከገበያ ወጥተዋል፤ እርሷም ለአንባቢዎቿ አትመክራቸውም።