ሳቁ በማን ላይ ነው?

የዱብቲ ሰው ጥጥን ያውቃል። የተንዳሆን የጥጥ እርሻ በ1950ዎቹ ያቋቋመው ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። እርሻው በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ስለ ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ ልብ ወለድ የጻፈ ደራሲ ነበር። ስሙ ቻርልስ ዲከንስ ይባላል። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ችግር ነው። ግን ያስቃል። ታዲያ ችግርና ሳቅ ምን አገናኛቸው?

ልብ ወለድ ምንድን ነው?

የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ዳጉ የታየና የተሰማ እውነተኛ ወሬ ነው። ልብ ወለድ ግን ስሙ እንደሚለው ከደራሲው ልብ የተወለደ ታሪክ ነው። በውስጡ ያሉት ሰዎች በዓለም ላይ አልኖሩም። ጠባያቸው ግን በየሰፈሩ አለ። ስናነብ የምንስቀውም “ይህን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ!” ስለምንል ነው።

ለምሳሌ ጄን ኦስተን የምትባል እንግሊዛዊት በ1813 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቄስ አለ። ይህ ቄስ የሚያሳድሩትን ሀብታም እመቤት ሳያወድስ አይውልም። የቤታቸውን መስኮት ሳይቀር ይቆጥርላቸዋል። አንዲት ልጃገረድ ላግባሽ ሲላት “አይሆንም” አለችው። እሱ ግን ሴት ልጅ ስትወድ ነው እምቢ የምትል ብሎ ልመናውን ቀጠለ። ደራሲዋ “ይህ ሰው አጎብዳጅ ነው” ብላ አልሰበከችም። እንዲናገር ተወችው፤ ራሱን በራሱ አጋለጠ።

ፈረስ ምንድን ነው?

ዲከንስ ችግርን በወሬ አልነበረም ያወቀው። በ1824 እ.ኤ.አ. አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ እሱ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠርቷል። ስለ ጥጥ ፋብሪካ ከተማ የጻፈውን ልብ ወለድ በ1854 እ.ኤ.አ. በየሳምንቱ እየከፋፈለ በመጽሔት አወጣው።

ታሪኩ የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አንዲት ልጅ አስነስተው “ፈረስ ምንድን ነው?” ይሏታል። የልጅቱ አባት ፈረስ እያሠለጠነ ትርዒት ከሚያሳይ ቡድን ጋር ነው የሚኖር። ልጅቱ ያደገችው በፈረስ መካከል ነው። ግን መልሱ ጠፋባት። ሌላ ልጅ ተነሣና፣ ፈረስ አራት እግርና አርባ ጥርስ ያለው ሣር በል እንስሳ መሆኑን በቃሉ ለፈለፈ። ባለቤቱም አሁን ፈረስ ምን እንደሆነ አወቅሽ አሏት።

እስቲ ይህን ወደ አገራችን አምጡት። በግመል ወተት ያደገችን የአርብቶ አደር ልጅ አንድ ሰው ከመጽሐፍ ላይ እያነበበ “ግመል ማለት እንዲህ ነው” ቢላት ምን ትሉታላችሁ? መሳቃችሁ አይቀርም። የምትስቁት ግን በልጅቱ አይደለም፤ በሰውዬው ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳቅበት ፊደል ያልቆጠረው፣ ድሃውና ባላገሩ ነው። ዲከንስ ሳቁን ገለበጠው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ጌታ “እኔ ከጉድጓድ ተነሥቼ ነው እዚህ የደረስኩ” እያለ ይመጻደቃል። ሠራተኛው ትንሽ ነገር ቢጠይቅ፣ በወርቅ ማንኪያ መብላት አማረው ይላል። በመጨረሻ እናቱ ብቅ ይላሉ። በደኅና አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ኖረዋል! አንባቢው ይስቃል። አንድ ጊዜ የሳቁበትን ሰው ደግሞ እንደ ድሮው መፍራት ያስቸግራል።

በእኛስ አገር?

ሀዲስ ዓለማየሁ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ። “ፍቅር እስከ መቃብር” የተባለውን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ ዘራቸውን እየቆጠሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ሲያጡ ሳይስቅ የሚያልፍ ማን ነው? ጉዱ ካሣን ደግሞ ሰው ሁሉ እብድ ይለዋል። እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው። በፊታውራሪው ኩራት የሳቀ አንባቢ፣ ያ ኩራት የገዛ ልጃቸውን ሕይወት ሲያበላሽ ሲያይ ሳቁ ወደ ኀዘን ይለወጥበታል።

ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰምቶ ስቋል፤ አዝኗል። በዲከንስ ዘመንም ፊደል ያላወቁ ሰዎች ተሰብስበው ሲነበብላቸው ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ መጽሐፍ ይዛችሁ ሳቅ ሲመጣባችሁ ሳቁ። ግን ሳቁ ሲበርድ “ደራሲው ያሳቀኝ በማን ላይ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። በደካማው ላይ ከሆነ መጽሐፉ ፌዝ ነው። ጉልበተኛውን፣ ግብዙንና አጎብዳጁን ካጋለጠ ግን ቁም ነገር አለበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅቱ ፈረስን እያወቀች ለምን መልስ አጣች?
2. ማወቅና በቃል መያዝ በምን ይለያያሉ?
3. በአካባቢያችሁ ከሚነገሩት ቀልዶች አንዱን ተናገሩ። ሳቁ በማን ላይ ነው?