ከሆንግ ኮንግ የተመለሰው መቃብር

ትናንት ማታ የብሪታንያውን የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ «ዶክተር ሁ»ን ከፍቼ አመሸሁ። አዲሱን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በቢቢሲ የተላለፈውን ጥቁርና ነጭ «የሳይበርመን መቃብር»፣ አራቱንም ክፍል በዲቪዲ።

ይህ ታሪክ ለዓመታት ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ከተዋንያን ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት የተነሳም አንድን ድራማ እንደልብ ደጋግሞ ማሳየት አይቻልም ነበር። ሰው አንድ ቀን ገዝቶ ቤቱ ያየዋል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ስለዚህ ቢቢሲ የተላለፈውን እያጠፋ በዚያው ቴፕ ሌላ ይቀዳበት ነበር። እኛ ቤትም የእህቴ የሰርግ ካሴት ላይ ኳስ ተቀድቶበታል፤ እናቴ ነገሩ በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ዝም ትላለች። ለዚህ ነው የቢቢሲ ነገር የሚያንገበግበኝ።

ታሪኩን ያዳነው የውጭ ሽያጭ ነው። ለሌሎች አገሮች የሚላከው ከስክሪን ላይ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጾ ነበር። ከቅጂዎቹ አንዱ ሆንግ ኮንግ ተቀምጦ ኖሮ በ1991 መጨረሻ ተገኘ፤ በ1992 በቪኤችኤስ ወጣ።

ሳይበርመን የሚባሉት ድሮ ሰዎች ነበሩ። አካላቸውን በብረትና በፕላስቲክ እየተኩ ሄደው በመጨረሻ ስሜታቸውንም አወጡት። ከደራሲዎቹ አንዱ ኪት ፔድለር የሕክምና ተመራማሪ ስለነበር ፍርሃቱ ከሙያው የመጣ ነው። ሳይበርመን በበረዶ ከተሸፈነው የማር እንጀራ መሳይ መቃብር ፕላስቲኩን እየቀደዱ ሲወጡ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

የሚያሳዝነኝም አለ። ቶበርማን የተባለው ጥቁር ሰው ጉልበተኛ አገልጋይ ነው፤ ከአፉ ቃል የሚወጣው ስንት ጊዜ ነው? በመጨረሻ የመቃብሩን በር ዘግቶ ሁሉንም የሚያድነው እሱ፣ የሚሞተውም እሱ። ታሪኩን ብወደውም ይህን አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም።

ደግሜ ደጋግሜ የምመለሰው ግን ጭራቅ ወደሌለበት ቦታ ነው። ሌሎቹ ተኝተዋል። አባቷ በቅርቡ የሞተባት የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ቪክቶሪያ ከእሱ ጋር ቁጭ ብላለች። እሱም ስለ ራሱ ቤተሰብ ይነግራታል፦ ሲፈልግ ዓይኑ ፊት ያመጣቸዋል፣ ሌላውን ጊዜ አእምሮው ውስጥ ተኝተው ይቆያሉ። ዶክተሩን የሚጫወተው ፓትሪክ ትራውተን ይህን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ሊል ሲል ፊቱ እየተለወጠ ነው።

ፊልሙ በጠፋባቸው ዓመታት ተመልካቾች በቴፕ የቀዱት ድምፅ ስለነበር ቃሉ አልጠፋም። ያ ፊት ግን በሆንግ ኮንጉ ቅጂ ላይ ብቻ ነበር። ትራውተን በ1987 ሲሞት ገና አልተገኘም።